ወርቅ አለ አትበሏቸው

እኩዮቼ፣ የጎርጎራና የደምቢያ ሽማግሌዎች፣ ይህን የምላችሁ ከሰው ፊት ላሳፍራችሁ አይደለም። በጣና ዳር ያለው ማርያም ግምብ እየፈረሰ ነው። የሚያፈርሰው ዝናብ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ፤ የኛም አፍ አለበት።

ልጆች ማታ እሳት ዳር ሲጠይቁን «እዚያ ግምብ ሥር የንጉሥ ወርቅ ተቀብሯል» እንላቸዋለን። እኛ ለጨዋታ ያልነውን እነሱ ለቁም ነገር ይይዙታል። ያ ልጅ አድጎ ሲቸግረው፣ የማዳበሪያ ዕዳ ሲያስጨንቀው፣ ትዝ የሚለው የአያቱ ቃል ነው። ዶማውን ይዞ በጨለማ ይሄድና የግድግዳውን እግር ይቆፍራል። ወርቅ የለም፤ መሠረቱ ግን ተፈታ። በማግሥቱ በዚያው ግድግዳ ጥላ ሥር ከብት ጠባቂ ሕፃን ይተኛል። ይህን ነው የምፈራው።

በዚህ ዓመት ከመስቀል በኋላ የሰፈራችንን ወጣቶች ይዤ በጀልባ ወደዚያ ሄጄ ነበር። ጣና ክረምቱን ጠጥቶ ሞልቷል፣ ደንገሉ እስከ አንገቱ ውኃ ውስጥ ነው፣ ዳርቻው በአደይ ቢጫ ሆኗል። ጠዋት ስለሆነ ውኃው ረግቷል፤ ታንኳ የያዙ ዓሣ አጥማጆች አልፈውን ሄዱ። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ማዕበሉ እንዴት እንደሚሆን ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ እንግዳ የምትወስዱ ሁሉ በጠዋት ሂዱ፣ ሳይመሽም ተመለሱ። ከጀልባው ወርደን ከተጠረበው ድንጋይ ፊት ቆምን። በድንጋዩ ላይ የተቀረጸው አበባ እስካሁን ይታያል። ዕፁብ ነው! አንዱ ወጣት ዘወር ብሎ አየኝና «አባባ፣ ወርቁ የት ጋ ነው?» አለኝ። ማን ሠራው አላለም፣ ለምን ተሠራ አላለም። ከኛ የሰማው ሌላ ነገር የለማ።

የሚነገረውማ ሞልቶ ነበር። አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. ከ1607 እስከ 1632 ነገሡ፤ ጎርጎራንም መቀመጫቸው አደረጉ። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ንጉሡን ወደ ካቶሊክ እምነት አቀረበ፤ በ1622 እዚሁ ጎርጎራ ሞተ። ከእርሱ በኋላ ባልደረቦቹ ዛሬ ማርያም ግምብ የምንለውን ቤተ ክርስቲያን በሐይቁ ዳር በኖራና በድንጋይ አቆሙ። ንጉሡ አዲሱን እምነት በሕዝቡ ላይ ሲጭኑ አገር ተነሣ፤ ወንድም ወንድሙን ገደለ። በ1632 ወይና ደጋ ላይ በተደረገው ጦርነት ድሉ የንጉሡ ሆነ፤ የወደቀው ግን የገዛ ሕዝባቸው ነበር። ከዚያ በኋላ የአባቶችን ሃይማኖት መለሱ፣ ዙፋኑንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን ቆረቆሩ፤ የሐይቁ ዳር ግምብም በኋላ ሰው አልባ ሆነ።

ከናንተ አንዳንዱ «የካቶሊክ ነው፣ ቢፈርስ ምን ገዶን» ሲል ሰምቻለሁ። ይህን ቃል አንሡት፤ ከባድ ቃል ነው። ያ ድንጋይ ሲጠረብ፣ ያ ኖራ ሲቃጠል የዚሁ አገር ሰው እጅም ነበረበት። ስለ ሃይማኖቱ የሞተውም የኛው አያት ነው። በክርክር ጊዜ ምስክርን የሚያጠፋ ሰው ምን እንደሚባል ሽምግልና የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። እምነት በአዋጅ ሲጫን ምን እንደሚመጣ ለልጅ ልጆቻችን ቆሞ የሚመሰክርልን ያ ግምብ ነው። የጎርጎራዋ ደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያን በሣር ክዳኗና በሥዕሎቿ የአባቶችን ሃይማኖት ወገን ትናገራለች፤ ሌላውን ወገን የሚናገረው ግምቡ ነው።

ስለ ግድግዳው ጠባይም ልንገራችሁ። ጣራ የሌለው ግድግዳ ውኃ የሚጠጣው ከአናቱ ነው። ኖራው እየታጠበ ይሄዳል፣ ድንጋዩ ያለ ማያያዣ ይቀራል። ወፍ የጣለችው የሾላ ዘር በስንጥቁ ይበቅላል፣ ሥሩ ሲወፍር ድንጋዩን ይፈለቅቃል። ታዲያ ቁጥቋጦውን አየሁ ብላችሁ ከነሥሩ አትንቀሉ፤ ድንጋዩን አሁን ይዞት ያለው እሱ ራሱ ሊሆን ይችላል። ባለሙያ እስኪመጣ እንዳይረዝም ከላይ መቁረጥ ይበቃል። ልጆች አናቱ ላይ አይውጡ። ፍየል አይውጣ።

ሲሚንቶ ገዝተን እንለስነው የምትሉም አላችሁ፤ አሳባችሁ ቅን ነው፣ ጉዳቱ ግን ከዝናቡ አያንስም። ሲሚንቶ እርጥበቱን ውስጥ ይዘጋበታል፣ ከኖራውም ይጠነክራል፤ ስለዚህ የሚሰነጠቀው ድንጋዩ ነው። ጎንደር ላይ በጣልያን ጊዜ ግንቦቹ በሲሚንቶ ተለስነው ነበር፤ በኋላ ያንን አንሥቶ በኖራ መተካት ትልቅ ሥራ ሆኗል።

ባህር ሸሽ መሬት የምታርሱም ስሙኝ። ውኃው በሸሸ ቁጥር ሽምብራውና ጓያው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ደንገሉ ይታጨዳል፣ ይነቀላል። ደንገሉ ነው አፈሩን የሚያጣራው፣ ዓሣውም የሚራባው እዚያ ነው። እምቦጭ አረም ያልበላው ምዕራቡ ዳር እንኳ ደንገሉን ካጣ ታንኳ በምን ይሠራል? ነገሩ ከግምቡ የራቀ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ለድንጋዩ ያልራራ እጅ ለዳርቻውም አይራራም።

ጎርጎራ በ«ገበታ ለሀገር» የቱሪዝም ልማት ፕሮጀክት ታቅፋለች፤ የእንግዳው እግር ይበዛል። ከውጭ አገር የሚመጡ ልጆቻችንም አባቶቻቸው የተወለዱበትን አገር በአንድ ቀን ሊያዩ ይመጣሉ። የምንነግራቸው ተረት እንዳይሆን እንዘጋጅ። የተቀረጸ ድንጋይ ለማስታወሻ ብሎ ለሚጠይቅም፣ ገንዘብ ቢያሳይም፣ አይሆንም በሉ። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ መቆፈርን ይከለክላል፤ ልጆቻችን ሳያውቁት ወንጀለኛ እንዳይሆኑ ይህንንም ንገሯቸው።

ለዚህ ወር ማርያም ሰንበቴው ላይ ስንገናኝ የምጠይቃችሁ አለኝ። የተቀረጸ ድንጋይ ለበር መርገጫ፣ ለምድጃ ጉልቻ፣ ለበረት አጥር ያዋለ ሰው ካለ ስሙ ሳይጠራ፣ ካሳም ሳይጠየቅ ይምጣና ይናገር። ግዝት አላስወጣም፤ ግዝት ያየነው ድንጋዩን ጉድጓድ ውስጥ ሲያስደብቅ ነው። ድንጋዩን ከየት እንዳነሣው ቦታውን ያሳየን፤ ያ ካልታወቀ የሚጠግነው ባለሙያ የት ያስገባዋል? ያገኘነውን ቄሰ ገበዙ ይመዝግቡት፣ ከኛ ሁለት ሰው ዝርዝሩን ይዞ ወደ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይሂድ። አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛውን እናንተ ምረጡ።