የራስጌው ቦታ ይጻፍልን

ኮምቦልቻም ሆነ ደሴ የመረብ ፕሮግራም የምንማር ተማሪዎች ሰሞኑን የተጨነቅንበት ነገር 2 ባይት ነው። እጃችን የገባ አንድ መምሪያ «ከፊት 2 ባይት ተዉ» ብሎ ያዝዛል፤ ምክንያቱን ግን አይናገርም። አንዱ ጓደኛችን ትርፍ መስሎት ሰረዘው። ነገሩ ቀላል ነበር፤ የኢተርኔት አርእስት 14 ባይት ነው፣ 2 ሲጨመርበት 16 ይሆንና የአይ ፒው አርእስት ለ4 በሚካፈል ቦታ ይጀምራል። ይህ ካልሆነ የሚቸገሩ ፕሮሰሰሮች አሉ። ይህን በአንድ መስመር መጻፍ ማንን ያደክማል?

በሊኑክስ የእሽጉ ማረፊያ እንደ አልጋ ነው። ሄድና ኤንድ የሚባሉት ምልክቶች የአልጋው ሁለት ጫፎች ናቸው፤ ዳታና ቴይል የተኛው ሰው ራስና እግር። ከራሱ በላይ የቀረው ራስጌ፣ ከእግሩ በታች ያለው ግርጌ ነው። ለመላክ ሲሰናዳ ቲ ሲ ፒ፣ አይ ፒና ኢተርኔት በየተራ አርእስታቸውን ከፊት ስለሚጨምሩ ዳታ ወደ ራስጌ ይሳባል። ራስጌው አልቆ ሳለ የገፋ ፕሮግራመኛ ከርነሉን በድንጋጤ ያስቆመዋል፤ ማሽኑም አብሮ ይወድቃል።

«ኮዱን አንብቡ» የሚሉን መምህራን አሉ፤ እናከብራቸዋለን። ይሁንና ኮዱ ስንት ባይት እንደተተወ ቢያሳየንም፣ ለማን እንደተተወ ሁልጊዜ አይነግረንም። የሊኑክስ ሰዎች ራሳቸው ይህን ሥዕል በሰነዳቸው ውስጥ አስገብተውታል።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ የተግባር ሥራ ጋር ሥዕሉ፣ የባይቱ ልክና ቦታውን የመተው ኃላፊነት የማን እንደሆነ በአማርኛ በአንድ ገጽ ይሰጠን። የመጀመሪያውን ገጽ እኛው ጀምረናል፤ ስሕተት ያየ ስቴንስሉ ሳይቆረጥ ይንገረን።