በዋለበት መፍረድ

«ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች» ይላል የአገራችን ሰው። ተረቱ ልጅን ለመምከር ይበጅ ይሆናል፤ በምርጫ ዘመቻ ላይ ሲውል ግን መርዝ ነው። ሰውን በሥራው መመዘን ትቶ በዋለበት ደጅና በቀመሰው ማዕድ ይፈርድበታልና።

እ.ኤ.አ. በ2008 የተካሄደውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ እናስታውስ። ባራክ ኦባማ በ2006 ሰሜን ምሥራቅ ኬንያ የምትገኘውን ዋጂርን ሲጎበኙ የሶማሌ ባህላዊ ልብስ ለብሰው ፎቶግራፍ ተነሥተው ነበር። እንግዳን ማልበስ በእኛ ዘንድ ክብር ነው። ያው ፎቶግራፍ በምርጫው ዘመቻ መካከል ብቅ ሲል ግን «ሰውየው በስውር ሙስሊም ነው» ለሚለው ወሬ ማገዶ ሆነ። በጥቅምት ወር ደግሞ ሣራ ፔሊን ኦባማን የአሸባሪ ወዳጅ አድርገው ከሰሱ። መነሻቸው ከቢል አየርስ ጋር የነበራቸው ትውውቅ ነው። የአየርስ ቡድን በ1969 ሲመሠረት ግን ኦባማ ገና ትንሽ ልጅ ነበሩ።

መጠየቅ ነውር ነው አላልንም። ኦባማ ለብዙ ዓመታት ምዕመናቸው ስለነበሩት ስለ ቄስ ጀርማያ ራይት ስብከት መጠየቃቸው ተገቢ ነበር፤ በፊላደልፊያ ባደረጉት ንግግርም መልስ ሰጡበት። ጥያቄ መልስን ይጠብቃል፤ ስም ማጥፋት ግን መልስ ቢሰጠውም አይሰማም።

ኦባማ 365 ለ173 በሆነ የወኪል መራጮች ድምፅ አሸነፉ። «እንግዲያውስ መራጩ አልተታለለም» የሚል ይኖራል። እኔ ግን አልቸኩልም። በዚያ መከር ባንኮች ሲወድቁ ብዙው መራጭ ያሳሰበው የኪሱና የቤቱ ዕዳ ነበር። ወሬው ግን አልሞተም፤ ነሐሴ 2010 በወጣው የፒው የምርምር ማዕከል ጥናት 18 ከመቶ የሚሆኑ አሜሪካውያን ፕሬዚዳንቱን ሙስሊም ናቸው ብለው ያምኑ ነበር።

የከፋው ጉዳት ሌላ ነው። በሚኒሶታ በተደረገ ስብሰባ ላይ አንዲት ሴት «ዓረብ ነው» ስትል ጆን ማኬይን ድምፅ ማጉያውን ተቀብለው፣ አይደለም፣ ጨዋ የቤተሰብ ኃላፊ ነው አሉ። መልካም ሥራ ነበር። ነገር ግን ዓረብና ጨዋ ተቃራኒዎች ናቸውን? ትክክለኛውን መልስ የሰጡት ኮሊን ፓወል ናቸው፤ ኦባማ ክርስቲያን መሆናቸውን ከተናገሩ በኋላ፣ ሙስሊም ቢሆኑስ ምን ነውር አለበት ሲሉ ጠየቁ።

በእኛም ቀጠና ዕጩ በጎሣው፣ በአማቹ፣ በበላበት ቤት ይወገዛል። በዚያን ጊዜ «ሐሰት ነው» ብሎ ማስተባበል ብቻ አይበቃም፤ ማስተባበሉ ብቻውን ስድቡን ስድብ አድርጎ ይቀበለዋልና። «ቢሆንስ? እርሱ ራሱ ምን አደረገ?» ብሎ መጠየቅ የመራጭ ግዴታ ነው። «በሬ ካራጁ ይውላል» የሚለውም ተረት የእኛው ነው፤ አብሮ መዋል አንድ ልብ መሆን አይደለም።