ከትልቁ ወይስ ከትንሹ?

እንደሚታወቀው እኛ ቀን ስንጽፍ ከትንሹ እንጀምራለን፤ ቀኑን፥ ከዚያም ወሩን፥ በመጨረሻ ዓመተ ምሕረቱን። የዓመቱን ቍጥር ስንጽፍ ግን ከትልቁ፥ ከሺሁ እንጀምራለን። በአንድ መሥመር ላይ ሁለት ተቃራኒ ሥርዐት ሲኖር ሁላችንም ስለ ለመድነው ማንም አይሳሳትም። በኮምፒዩተር ዘንድ ግን ነገሩ ብዙ አከራክሯል፤ እኔም በዚህ ጕዳይ ያለኝን ዐሳብ ለውድ ጓደኞቼ፥ ለመምህራኖቼና ለወላጆቻችን ላቀርብ እወዳለሁ።

ኮምፒዩተር ትልቅ ቍጥር በአንድ ባይት ስለማይበቃለት በ4 ባይት ከፍሎ ያስቀምጠዋል። የኢንቴል ማሽኖች ትንሹን ባይት ያስቀድማሉ፤ የአይቢኤም ታላላቅ ማሽኖች ትልቁን። ከትንሹ ተጀምሮ የተጻፈውን 1 ቍጥር፥ ከትልቁ የሚጀምር ማሽን 16,777,216 ብሎ ያነበዋል! ዳኒ ኮኸን የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1980 ለሁለቱ ወገኖች ስም ሲያወጣ ስሙን የወሰደው ጆናታን ስዊፍት በ1726 ካሳተመው ከጋሊቨር ጉዞ ነው። በዚያ ታሪክ ሰዎች እንቍላል በየትኛው ጫፍ ይሰበር ብለው ይዋጋሉ።

ዘንድሮ እኔና አንድ ጓደኛዬ አንድን ትንሽ ፕሮግራም ወደ አማርኛ ስንመልስ ይህ ነገር ገጠመን። ጌትቴክስት በሚባለው መሣሪያ ትርጕሙ አስቀድሞ ሰው በሚያነበው ጽሑፍ ይዘጋጃል፤ በኋላም ማሽን ፈጥኖ ወደሚያነበው ፋይል ይለወጣል። ለመሞከር ያህል ከአንዱ ጽሑፍ 2 ፋይል አወጣን፤ አንዱን ከትንሹ፥ ሁለተኛውን ከትልቁ እንዲጀምር አዘን። መጠናቸው እኩል፥ ቃላቸው አንድ ነው። ፕሮግራሙም ሁለቱንም ያለ ችግር አነበበ። ከይዘታቸው በስሌት የሚወጣውን አሻራ ስንመለከት ግን ፈጽሞ የማይገናኝ ሆነ።

አማርኛው ራሱ አልተነካም። «ሀ» በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ በማንኛውም ማሽን ላይ 225፥ 136፥ 128 ነው። የተገለበጡት እያንዳንዱ ቃል በፋይሉ ውስጥ የት እንደሚገኝ የሚናገሩት ቍጥሮች ናቸው። የፋይሉ የመጀመሪያ 4 ባይት 149፥ 4፥ 18፥ 222 ከሆኑ ከትልቁ፥ 222፥ 18፥ 4፥ 149 ከሆኑ ከትንሹ የተጻፈ ነው፤ ፕሮግራሙም ይህን አይቶ፥ ካስፈለገው እያገላበጠ ያነባል።

ጓደኛዬ «ታዲያ ከተነበበ ምን ቸገረህ?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ እነዚህ ፋይሎች የሚቀመጡት በማሽን ዐይነት የማይለያዩ ተብለው በጋራ ስፍራ ነው። ቀድሞ መሣሪያው የሚከተለው የሚሠራበትን ማሽን ልማድ ስለ ነበረ፥ ያው ትርጕም እንደ ማሽኑ ይለያይ ነበር። በዴቢያን ሥርዐት አንድ ጥቅል ለሁለት ዐይነት ማሽን ባንድነት ሲጫን የጋራው ፋይል በአንዲት ባይት እንኳ ከተለያየ አይፈቀድም። ይህን ግትርነት የሚሉት አሉ፤ እኔ ግን አልልም። ከሌላ ሰው የተቀበልነው ፋይል በመንገድ ላይ የክፉ ሰው እጅ እንዳልገባበት የምናውቅበት አንዱ መንገድ፥ ከምንጩ ራሳችን ሠርተን አሻራውን ማነጻጸር ነው። ንጹሕ ልዩነት ከበዛ ክፉው ልዩነት በመካከሉ ተደብቆ ያልፋል።

አሁን ጌትቴክስት በሌላ ካልታዘዘ በቀር በማንኛውም ማሽን ላይ ከትንሹ ጀምሮ ይጽፋል፤ እኔም ይህን ውሳኔ እደግፋለሁ። እውነቱን ለመናገር ለዐይኔ ከትልቁ ቢጀምር ይሻለኝ ነበር፤ የኢንተርኔት ሥርዐትም የመረጠው ያንኑ ነው። የአይቢኤም ማሽኖችም በየጊዜው የማገላበጥ ሥራ ተጨምሮባቸዋል፤ ድካሙ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ጓደኛዬ እስካሁን አልተረታም። ቢሆንም ባለፈው ሳምንት ፋይላችንን በቤቱ ኮምፒዩተር እንደ ገና ሠርቶ፥ የአሻራውን 64 ምልክት በወረቀት ገልብጦ አመጣልኝ። ከእኔው ጋር ጎን ለጎን አድርገን እያንዳንዷን ምልክት በጣታችን እየነካን ቈጠርን፤ አንዲትም አልተለየችም።