ሜዳ ያጣው የገና ዘፈን

ታኅሣሥ በገባ ቁጥር በፒያሳ አንድ የቆየ ክርክር ይነሣል። ከየሱቁና ከየኬክ ቤቱ በር ላይ ድምፅ ማጉያው ስለ በረዶና ስለ ደወል የሚያወሩ የውጭ ዘፈኖችን ያሰማል፤ በዚያ የሚያልፉ ሽማግሌዎች ራሳቸውን እየነቀነቁ «ባህላችን ጠፋ» ይላሉ፤ ወጣቶቹም «ዘመኑ ነው» ብለው ይመልሳሉ። እኛ ከሁለቱም ወገን ልንቆም አልወደድንም። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ድምፅ ማጉያው ነው እንጂ፣ በገና ዘፈን ላይ የደረሰው ጉዳት በሌላ በር መግባቱን ልብ ያሉት አይመስለንም።

አስቀድመን የተከሰሱትን እንመርምር። «ጂንግል ቤልስ» የተባለው ዘፈን እ.ኤ.አ. በ1857 የታተመ ሲሆን በግጥሙ ውስጥ ገናን የሚጠራ አንድም ቃል የለበትም፤ የሚያወራው በበረዶ ላይ ፈረስ ስለሚጎትተው ሠረገላና ስለ ወጣቶች ፈንጠዝያ ነው። «ሳይለንት ናይት» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1818 ኦበርንዶርፍ በምትባል የኦስትሪያ መንደር፣ አንድ ቄስ በጻፈው ግጥምና አንድ የትምህርት ቤት መምህር በደረሰው ዜማ፣ በጊታር ታጅቦ የተዘመረ ነው። «ኋይት ክሪስማስ»ን የደረሰው ኧርቪንግ በርሊን አይሁዳዊ ነበረ፤ ቢንግ ክሮዝቢ እ.ኤ.አ. በ1942 በሸክላ ባስቀረጸው ጊዜ ከአገራቸው ርቀው በጦር ግንባር የሰነበቱ ወታደሮች ቤታቸውን እያሰቡ ይሰሙት ነበር። እንግዲህ እነዚህ ዘፈኖች በየአገራቸው የሰፈርና የናፍቆት ዘፈኖች ናቸው። የአራዳ ልጅ በረዶን የሚያውቀው በክረምት የቤቱን ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው። ዜማውን ሲያንጎራጉር ትዝ የሚለው የኬክ ቤት መስተዋትና በፕላስቲክ ዛፍ ላይ የሚብለጨለጭ አምፖል ቢሆን ልንፈርድበት አይገባም፤ እርሱም ትዝታ ነውና።

ደግሞስ አራዳን የውጭ ዜማ ያስደነገጣት ከመቼ ወዲህ ነው? ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ ሕዝቡ «አርባ ልጆች» ብሎ ሰይሟቸው፣ የማርሽ ሙዚቃ በከተማው ሲያሰሙ ኖረዋል። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የደረሰውን ብሔራዊ መዝሙርም አገሪቱ እስከ ዘውዱ ዘመን ፍጻሜ ድረስ ዘምራዋለች። ይህን ሁሉ የዋጠች አራዳ በአንድ የፈረስ ደወል ትታነቃለች ማለት እርሷን አለማወቅ ነው።

የእኛ የገና ዜማ ሁለት ነው፤ አንዱ የሌሊት፣ አንዱ የቀን። የሌሊቱ፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ የተጾመው የነቢያት ጾም በሚፈታበት ሌሊት በአራዳ ጊዮርጊስ ከበሮና ጸናጽል ሲሰማ፣ ነጭ የለበሰው ሕዝብ ጧፍ ይዞ ሲቆም የምናገኘው ነው። በላሊበላም ካህናቱ ገሚሶቹ ከማሜ ጋራ ላይ፣ ገሚሶቹ ከታች ሆነው «ቤዛ ኵሉ»ን እየተቀባበሉ ያሸበሽባሉ። ለዚህ ዜማ አንሠጋም። ጉባኤ ቤት አለው፤ መምህርና ደቀ መዝሙር አለው። የአራዳ ጊዮርጊስ ሕንፃ በ1929 ዓ.ም. በፋሺስት እጅ ሲቃጠል እንኳ ዜማው አብሮ አልነደደም።

የቀኑ ግን እንዲህ ያለ ቤት የለውም፤ ቤቱ ሜዳ ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስም 28 ቀን፣ ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይያዛል፤ ሩሩ ይድቦለቦላል፤ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ጎራ ለይተው ይገጥማሉ። «አሲና» የሚባለው ዘፈን የሚወጣው ከዚህ ሩጫና አቧራ ነው። ግጥሙን አውጪው በቅጽበት ይፈጥረዋል፤ ተቀባዩ ያነሣለታል። የተሸናፊው አለቃ እግሩ ቀጭን እንደ ሆነ ስለ እግሩ፣ የሰፈሩ ባለጸጋ ንፉግ እንደ ሆነም ስለ ንፉግነቱ ይዘፈናል፤ በዚያች ቀን ጌታ በሎሌው ቀልድ እንዳይቆጣ ልማድ ያዝዛልና። ዓመቱን ሙሉ አንገቱን የደፋ ሰው ቀና ብሎ እውነቱን በሳቅ ጠቅልሎ የሚናገርበት ግማሽ ቀን ነበረ። እኛ በአራዳ ያደግን ሰዎች ያን ዘፈን ስንሰማ የሚታወሰን ዜማው ብቻ አይደለም። የሻከረ ጉሮሮ፣ በዱላ የተላጠ ቅልጥም፣ ከየጓሮው የሚሸት የዶሮ ወጥ፤ ከሁሉም በላይ ትናንት ጥሬ ስድብ ብቻ ያውቅ የነበረ ልጅ ዛሬ ቤት የሚመታ ግጥም አውጥቶ ሰፈሩን በሙሉ ሲያስቅ ነው የሚታወሰን።

ዛሬ ይህ ዘፈን ጠፋ የሚሉ ይሳሳታሉ፤ እንዲያውም ከመጠን በላይ ይሰማል። በዓሉ ሲቃረብ በስቱዲዮ ተቀርጾ፣ በኪቦርድ ታጅቦ፣ የሸቀጥ ማስታወቂያ ሲሸኝ እንሰማዋለን። ግጥሙ ታጥቦና ተቀሽሮ ወቀሳው ወጥቶለታል። በየመሥሪያ ቤቱ የበዓል ዝግጅትም ሠራተኞች የአገር ልብስ ለብሰው፣ ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ በኃላፊው ፊት ይዘፍኑታል፤ ነገር ግን ስለ ኃላፊው አርፍዶ መግባት አንዲት ስንኝ የሚደፍር የለም። ጌታን ይወርፍ የነበረው ዘፈን የጌታ ማሞገሻ ሆኗል። እኛ ከ«ጂንግል ቤልስ» ይልቅ ይህ ያስፈራናል። ያኛው እንግዳ ነው፤ ይህኛው ግን የእኛኑ ዘፈን ልብስ የለበሰ ሌላ ነገር ነው።

የሜዳውም ነገር አለ። በአዲስ አበባ የገና ጨዋታ የታወቀ ቦታ ጃን ሜዳ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የፒያሳው አትክልት ተራ ወደዚያ በተዛወረ ጊዜ፣ በተከታዩ ዓመት እስኪነሣ ድረስ፣ ሜዳው የሽንኩርትና የቲማቲም ገበያ ሆኖ ነበር። ያ የጭንቅ ቀን ነበረና አንወቅሰውም። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያና በአካባቢው የነበሩ ሰፈሮች ፈርሰው፣ ብዙ ነዋሪዎቻቸው ወደ ከተማዋ ዳር ወዳሉ መኖሪያዎች ሄዱ። መንገዱ ሰፋ፤ መብራቱ ደመቀ፤ እግረኛም መሄጃ አገኘ። ንጹሕ መንገድ የሚጠላ የለም። ሆኖም ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ተነሥተው በየፊናቸው ከሄዱ፣ ልጁ የሚገጥመው ከማን ጋር ነው? የሚወርፈውስ ማንን ነው? ሰው የሚወርፈው የሚያውቀውን ነው፤ የአባቱን ቅጽል ስም፣ የበሩን ቀለም፣ ያለፈውን ዓመት ሽንፈቱን የሚያውቅለትን ሰው ነው። በማያውቁት ጎረቤት ላይ የተገጠመ ግጥም ጠብ ይሆናል። በአዲሱ አደባባይ ሣር ላይ ዱላ ይዞ የሚሮጥ ልጅስ ዘበኛው ዝም ይለዋልን?

ስለዚህ ነገሩ በዋናነት የሚመለከተው መምህራንን ነው። ትምህርት ቤት ገና ሜዳ ያለው፣ ልጆቹም እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁበት ስፍራ ነውና። የ«አሲና»ን ግጥም በወረቀት ጽፎ ማስጠናት ግን ከንቱ ነው፤ የሚያስፈልገው ልጁ ራሱ ግጥም እንዲያወጣ ዱላውንና ተቃዋሚውን መስጠት ነው። ዱላ እግር ይሰብራል የሚል ክርክር እንደሚመጣ እናውቃለን፤ እውነትም ነው፤ ሩሩን ከጨርቅ መሥራት፣ ዱላውንም ከጉልበት በላይ እንዳይነሣ መከልከል ይቻላል። ተማሪን ስድብ ማስተማር ነው የሚሉም አይጠፉም። እነዚህን የምንጠይቃቸው ሰምና ወርቅን ሲያስተምሩ ተማሪው ሲያንቀላፋባቸው አይተው እንደ ሆነ ነው። በቤት መምቻ የሚወርፍ ልጅ ከመናገሩ በፊት ያስባል፤ በጥሬ የሚሳደበው ግን አያስብም።

የበዓሉ ዋዜማ ሳይደርስ እያንዳንዱ ርእሰ መምህር የአንድ ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ይስጥ፤ ኃላፊዎችም በየመሥሪያ ቤታቸው እንዲሁ ያድርጉ። በመጀመሪያው ዙር የሚወረፉት ርእሰ መምህሩና ኃላፊው ራሳቸው ይሁኑ፤ በማግሥቱም ማን ምን እንዳለ የሚጠይቅ አይኑር። ዘበኛው የሜዳውን በር እስኪመሽ እንዳይዘጋ ይታዘዝ። ዱላው ከየትኛው ዛፍ እንደሚቆረጥ ልጆቹ ራሳቸው ይፈልጉት።