75 ሰዓት የማይሸፍነው

እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ሲኤንኤ (የምስክር ወረቀት ያላት የነርስ ረዳት) ያልሆነች፣ ሲኤንኤ የሆነች ዘመድም የሌላት ሐበሻ ማግኘት ይከብዳል። እኔም ሲኤንኤ ነኝ። በፈተናው ቀን እጄን ስታጠብ 20 ሰከንዱን በሆዴ እየቆጠርኩ ነበር። አለፍኩ። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት ግን የመርሳት በሽታ ያለባቸው አሮጊት «ባለቤቴ የት ሄደ?» እያሉ ሲያለቅሱ አፌ ተያዘ። ሞተዋል ልበል? ይመጣሉ ልበል?

እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የፌዴራል ሕግ ለሲኤንኤ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ሥልጠና 75 ሰዓት ነው፤ ከዚህ ውስጥ ክትትል የሚደረግበት የተግባር ልምምድ ቢያንስ 16 ሰዓት። ካሊፎርኒያ 160 ሰዓት ታስተምራለች። ይጨመር ሲባል አሠሪዎች «ሠራተኛ እናጣለን» ይላሉ። እኔ ያየሁት ግን ሠራተኛ የሚጠፋው ከተቀጠረ በኋላ፣ ወገቡ ሲቆረጥ ነው። ሰውን ከአልጋ ማንሳት በቪዲዮ አይለመድም።

ሥልጠናው ይርዘም፤ ወጪው ግን በእኛ ኪስ አይሁን። ደግሞም ነርሲንግ ሆም የቀጠራትን ሴት የሥልጠናና የፈተና ክፍያ መጠየቅ በሕግ ክልክል ነው። ከፍላ የተማረችም በ12 ወር ውስጥ እዚያ ከተቀጠረች ወጪዋ የሚመለስበት መንገድ አለ። ስንቶቻችን እናውቃለን? እኔ የሰማሁት ደረሰኜን ከጣልኩ በኋላ ነው።