ቀለብ በ18 ዓመት አያበቃም

«18 ሞላው፤ ከእንግዲህ ራሱን ይቻል።» አትክልት ተራ ዙሪያ ከተፋቱ አባቶች ደጋግሜ የሰማሁት ንግግር ነው። አባቶቹ ብቻ አይደሉም፤ የፍቺ ስምምነት ሲረቀቅ «18 ዓመት እስኪሞላው» ተብሎ ይጻፋል፣ ሽማግሌው ያጸድቃል፣ እናትም አምና ትፈርማለች። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ለቀለብ የዕድሜ ጣሪያ አላበጀም። አንቀጽ 201 የሚመለከተው ጠያቂው ችግረኛ መሆኑንና ሠርቶ መኖር አለመቻሉን ነው። አንቀጽ 197 ደግሞ ከምግብ፣ ከመጠለያ፣ ከልብስና ከሕክምና ጎን ትምህርትን ያነሳል። በ18 ዓመት የሚያበቃው ሌላ ነገር ነው፤ የአሳዳሪነትና የሞግዚትነት ሥልጣን። እስከዚያ እናት ስለ ልጇ ሆና ትከሳለች፤ ከዚያ ወዲያ ልጁ ራሱ በስሙ ይጠይቃል። የእናትየው ውክልና ማብቃቱን የልጁ መብት ማብቃት አድርገን ወሰድነው።

ይህ ስሕተት የሚጎዳው ማንን እንደሆነ እንይ። በሰባት ዓመቱ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ፣ አንድም ክፍል ሳይደግም፣ 12ኛን የሚጨርሰው 19 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ቀለቡ የሚቋረጥበት ለብሔራዊ ፈተና በሚያነብበት ዓመት ነው ማለት ነው። ከሣጥን ውስጥ የፈረጠውን ቲማቲም እየለየች፣ ደህናውን በመደብ የምትሸጥ እናት የልጇን የታክሲና የደብተር ወጪ ከዚያችው መደብ ታወጣለች። አልሞላ ሲላት ልጁ ትምህርቱን ትቶ የሽንኩርት ኩንታል ሊሸከም ይወርዳል። አባትየውም «ይኸው፣ ሠርቶ መብላት ችሏል» ይላል። ልጁን ከትምህርት ያስወጣው የራሱ ክልከላ መሆኑን ግን አይናገርም።

የአባቶቹም ችግር ሐሰት አይደለም። የአትክልት ተራው ገበያ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ሰሞን ወደ ጃንሜዳ፣ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲዛወር የጫኝና አውራጁም የደላላውም ገቢ ተናግቷል። ሕጉ ይህን ያውቃል፤ የቀለቡ ልክ የሚወሰነው የጠያቂው ፍላጎትና የከፋዩ አቅም ተመዝኖ ነው፤ ሁኔታ ሲለወጥም ሊሻሻል ይችላል። አቅም ያነሰው አባት ይቀነስልኝ ይበል፤ 18 ሞላ ብሎ ማቆም ግን ሌላ ነው። ጤነኛ ሆኖ፣ ትምህርቱንም ትቶ፣ ሥራ የሚንቅ ጎልማሳ ይቀለብ የሚል ክርክር የለኝም።

ደግሞም ግዴታው የጋራ ነው። በአንቀጽ 198 መሠረት ወላጅና ተወላጅ እርስ በርስ ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለባቸው፤ ዛሬ በ18 ዓመቱ ልጁን የሸኘ አባት ሲያረጅና ሲቸገር ከዚያው ልጅ ቀለብ የመጠየቅ መብት አለው። ለአባት ዕድሜ ያልገደበውን ሕግ ለልጅ ሲሆን በልደት ቀን መዝጋት ግፍ ነው።

ስምምነት የምታረቅቁ ጠበቆችና ሽማግሌዎች፣ «18 ዓመት እስኪሞላው» የሚለውን ሐረግ «ትምህርቱን ጨርሶ ራሱን እስኪችል» በሚል ተኩልኝ። እናንተም ተማሪዎች፣ 18 በሞላችሁ ማግስት የትምህርት ቤታችሁን ደብዳቤ ይዛችሁ የቤተሰብ ጉዳይ ወደሚያየው ችሎት ሂዱ፤ ውዝፍ ቀለብ በጊዜው ካልተጠየቀ ሊቀር ይችላል።