ወንዙ የፈተና ፕሮግራማችንን አያውቅም



የዘንድሮው የዓመት መዝጊያ ጉዟችን በጊቤ ወንዝ ላይ በጎማ ጀልባ እንዲሆን የቀረበው ሐሳብ ጀመዓውን ለሁለት ከፍሎታል። አንዳንዱ «የዲን ልጆች እዚያ ምን ይሠራሉ?» ይላል፤ ሌላው ከአሁኑ የሚለብሰውን መርጧል። እኔ እንሂድ ከሚሉት ወገን ነኝ። በሰኔ ግን አይደለም።

መሄዱ ላይ ብዙ መከራከር አያሻም። ነሳኢ በዘገቡት ሐዲሥ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከከንቱ ጨዋታ ለይተው ካነሷቸው አራት ነገሮች አንዱ ዋና መማር ነው። ሐራም የሌለበት፣ ሶላት የማያሳልፍ ጨዋታ ይፈቀዳል። ክርክራችን መሆን ያለበት ቀኑ ላይ ነው።

ጊቤ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ ያንን ረጅም ቁልቁለት ወርደን በድልድይ የምንሻገረው ወንዝ ነው፤ ዝቅ ብሎ ኦሞ ይባላል። የውጭ አገር ቀዛፊዎች ኦሞን በጎማ ጀልባ ከወረዱበት ከ1973 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ጉዞ የሚያዘጋጁት ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ነው። ምክንያት አላቸው። በሰኔና በሐምሌ ወንዙ እየሞላ ነው። እኛ ያለንበት ቆላ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ከሰዓታት በኋላ ግንድ እየገፋ ይደርሳል። በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ደግሞ ድንጋዩ አይታይም። የድሮ ቪዲዮ እያያችሁ መንገዱን የምታጠኑም አትልፉ፤ የጊቤ 3 ግድብ ሐይቅ የሸለቆውን ሰፊ ክፍል ውጦታል።

እንግዲህ ፈተና የሚያልቀው ወንዙ ሲቆጣ ነው። ጉዞውን ወደ ጥቅምት እናዙረው ስል የሚነሳውን ቅሬታ አውቃለሁ፤ በጥቅምት ተመራቂዎቻችን የሉም። አራትና አምስት ዓመት አብረን የሰገድን ወንድሞችና እህቶች ናቸው፣ የጉዞው ሐሳብም የመነጨው ከእነሱ ነው። ለእነሱ በሰኔ መሬት ላይ ያማረ መሸኛ እናድርግላቸው፤ በጥቅምት መምጣት የሚችል ይምጣ። ለስንብት ብለን የሰው ልጅ ለሞላ ወንዝ አንሰጥም።

«ውድ ከሆነ በመኪና ከመነዳሪ ቅርብ ወንዝ ላይ እንንሳፈፍ» የሚለው ደግሞ ይብሳል። ከመነዳሪ መቅዘፊያ የለውም፤ ወዳጋደለ ዛፍ ሲወስዳችሁ የምትመልሱበት ነገር የለም። ዝግ ብሎ የሚፈሰው ውኃ ዳር ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ አለ፤ የጤና ተማሪዎቻችን ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ከቀኑ ቀጥሎ አሚሩ ነው። ሦስት ሆናችሁ ስትጓዙ አንዱን አሚር አድርጉ የሚለውን ሐዲሥ ሁላችንም እናውቃለን፤ በተግባር ግን የጉዞ አሚር የምናደርገው አውቶቡስ የተከራየውን ወይም ድምፁ የሚያምረውን ወንድም ነው። የዚህ ጉዞ አሚር ወንዙ ዳር ቆሞ፣ ገንዘቡ ተከፍሎ፣ ስልሳ ሰው እያጉረመረመበት «ዛሬ አንገባም፣ እንመለስ» ማለት የሚችል ሰው መሆን አለበት። ይህን የሚል ሰው ፈሪ ይባላል፤ ተወኩል የለውም የሚለውም አይጠፋም። ግመሉን አስሮ በአላህ ስለ መመካት የተነገረውን ሐዲሥ ለፈተና ጥናት ስንጠቅሰው እንሰማለን። ላይፍ ጃኬት ላይ ስንደርስ ለምን እንረሳዋለን? ኑሕም (ዐ.ሰ) ቢስሚላህ ብለው የተሳፈሩት መርከቡን በሚገባ ሠርተው ነው።

ጃኬቱ በልክ፣ ማሰሪያው የጠበቀ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ። ሄልሜትም እንዲሁ። ዋና የሚችለውም ይለብሳል። ከጀልባ የወደቀ ሰው በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሩን ወደ ፊት ወደ ውኃው መውረጃ አንስቶ መንሳፈፍ እንጂ በፈጣን ውኃ ውስጥ ለመቆም መሞከር የለበትም፤ እግር በድንጋይ መካከል ከተያዘ ውኃው ሰውን ይደፋዋል። ይህ ከመሄዳችን በፊት በግቢ ውስጥ ሊሰጥ የሚችል የአንድ ሰዓት ትምህርት ነው። አዞና ጉማሬ የት እንዳለ ግን ከእኛ መካከል የሚያውቅ የለም፤ ያለ ወንዙ አዋቂ አይገባም።

አሁን ስለ እህቶች። በዕቅዱ ላይ የተጻፈላቸው «ምሳና ሻይ» ብቻ ነው። እኩል እያዋጡ ዳር ተቀምጠው የእኛን ጫማ እንዲጠብቁ ማድረግ ለሒጃብ መጨነቅ አይመስለኝም፤ ስንፍና ነው። ለብቻቸው ጀልባ፣ ከተቻለ ሴት መሪ፣ የሚሳፈሩበትና የሚወርዱበት ከወንዶች የተለየ ቦታ ይዘጋጅ። ረጅም ጅልባብ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ እግርም ይጠልፋል፤ ከሥር ሱሪ፣ ከላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ ሰፋ ያለ ልብስ፣ ሻርፑ በመርፌ ሳይሆን በደንብ ታስሮ፣ ጃኬቱ ከሁሉም በላይ። ዝርዝሩን እነሱ ይወስኑ፤ ለዚህም በአዘጋጅ ኮሚቴው ውስጥ እህቶች መኖር አለባቸው። ምሳውን ወንዶች እንሥራ። ሩዝ ማረር አይገድልም።

ሶላትን በተመለከተ፣ ከጅማ እስከ ድልድዩ ያለው ርቀት ቀስርን የሚያስፈቅድ ነው፤ ዙህርና ዐስርን ስለ ማጣመር እንደየመዝሀባችሁ ኡስታዞችን ቀድማችሁ ጠይቁ። ደረቅ ልብስ በላስቲክ ያዙ።

በሚቀጥለው ሹራ ስለ መዋጮው ከመነጋገራችን በፊት አዘጋጆቹ ሦስት ጥያቄ እንዲመልሱልን እጠይቃለሁ፦ ስንት ላይፍ ጃኬት አለ? ዋና የማይችሉት እነማን ናቸው? ወንዙ ዳር «እንመለስ» የሚለው ማን ነው? መልስ እስኪገኝ ቀብድ አይከፈል።